ሴቷ ዋልያም ቀንድ አላት

የወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን ሲጫወት «ዋልያዎቹ» እንላለን። የሴቶቹ ሲሆን «ሉሲዎቹ»። ለምደነዋል። እኔ ግን ይህ ስም መቅረት አለበት እላለሁ።

እስቲ ከየት እንደመጣ እንየው። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ አፅም ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ካምፓቸው ውስጥ የቢትልስን ዘፈን ያዳምጡ ነበርና ከዘፈኑ ወስደው «ሉሲ» የሚል ስም አወጡላት። እኛ ደግሞ ያንኑ ስም በሕይወት ላሉ፣ ለሚሮጡ፣ ላብ ለሚያፈሱ ሴቶች ሰጠን። ወንዶቹ ስማቸውን በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ ከሚዘል እንስሳ ሲያገኙ፣ ሴቶቹ ከሙዚየም ሣጥን አገኙ። ደግሞስ «ሉሲዎቹ» ምን ማለት ነው? ሉሲ እኮ አንዲት ናት!

«የሰው ዘር መገኛነታችን ምልክት ናት፤ ክብር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ክብር ከሆነ ለምን ለወንዶቹ አልተሰጠም? የሰው ዘር ሁላችንንም ይመለከታል አይደል እንዴ? ለሴቶቹ የደረሳቸው አፅሙ የሴት ነው ስለተባለ ብቻ ነው። «እንግዲያው ድንቅነሽ እንበላቸው» ቢባልስ? ስሙ ያምራል፣ የራሳችንም ነው። ግን ያው ጓሮ የተሠራ ሌላ ክፍል ነው። የእኔ ጥያቄ ዋናው ቤት የማን ነው የሚል ነው።

ነገሩ የስም ብቻ አይደለም። «ብሔራዊ ቡድኑ» ሲባል ወንዶቹ ማለት ነው፤ ሴቶቹ «የሴቶች» የሚል ካልተለጠፈላቸው የሉም። 2005 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ጥር ላይ ወንዶቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሲገቡ አገሩ ሁሉ በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ደምቆ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ሴቶቹም ለአፍሪካ ሻምፒዮና ኢኳቶሪያል ጊኒ ሄደው ነበር። ሁለቱም ከምድባቸው አላለፉም። የትኛውን ታስታውሳላችሁ? በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ሴቶቹ ከአፍሪካ 4ኛ ወጥተዋል። ስንቶቻችን እናውቃለን?

ካሜሩን ወንዶቹንም ሴቶቹንም አንበሳ ብላ ትጠራለች። ለእኛማ ይበልጥ ይቀላል። አማርኛ በብዙ ቁጥር ጾታ አይለይም፤ «ዋልያዎቹ አሸነፉ» ሲባል ወንድም ሴትም ይገባበታል። ቋንቋው በሩን ከፍቶት ሳለ የዘጋነው እኛው ነን።

«ዋልያ የወንድ ነው» የሚል ካለ ሰሜን ተራሮች ሄዶ ይይ። ሴቷ ዋልያም ቀንድ አላት። አጠር፣ ቀጠን ይላል እንጂ ቀንድ ነው።

ስለዚህ ሴቶቹ ሲጫወቱ «ዋልያዎቹ» በሉ። ግራ የገባው «የትኞቹ?» ብሎ ይጠይቅ። ወንዶቹ ሲጫወቱም ይጠየቅ።