ጥጥ ብቻዋን አትክረም

(አስተያየት፦ ከ6ኛ ክፍል «ለ»፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል)

የፈተና ዝግጅት እንዴት ይዟችኋል? ዛሬ በአስተያየት ዓምዳችን የማነሳው ግን ስለ ፈተና አይደለም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ብቻዋን ስለቀረችው ጥንቸላችን ስለ ጥጥ ነው።

እንደምታውቁት የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ጥጥና ቡኒ የሚባሉ ሁለት እህትማማች ጥንቸሎች ነበሩት። ከፋሲካ በኋላ ቡኒ ሞተችብን። ዓርብ ከሰዓት ሣር ስትበላ የነበረችው ሰኞ ጠዋት ሞታ ተገኘች። ጥጥም አጠገቧ ኩርምት ብላ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥጥ እንደ ድሮዋ አይደለችም። በፊት የሰው ኮቴ ስትሰማ ወደ ሽቦው ትሮጥ ነበር። አሁን ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ጎመን ሲሰጣት ትንሽ ቀመስ አድርጋ ትተዋለች።

በእረፍት ሰዓት ስለ እሷ የማይባል ነገር የለም። «ትሸጥ» የሚል አለ። «ጫካ ትለቀቅ» የሚል አለ። «ሌላ ጥንቸል ይገዛላት» የሚሉም ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ «ለጥንቸል ይሄ ሁሉ ወሬ ምንድነው? አትበላ፣ አትታለብ!» ብሎ ይስቃል። የእኔ ሐሳብ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ጥጥ ሌላ ጥንቸል ወዳለበት ሰው ቤት መሄድ አለባት እላለሁ። ምክንያቴን አንድ በአንድ ላስረዳ።

በመጀመሪያ «እንስሳ ደግሞ ምን ሐዘን ያውቃል?» ለሚሉት መልስ ልስጥ። ስሙን ሐዘን እንበለው፣ ብቸኝነት እንበለው፣ የሚታየው ነገር አንድ ነው፤ መብላት ቀንሳለች። ጥንቸል ደግሞ እንደ ሌላው እንስሳ ቀኑን ሙሉ ሳትበላ መዋል አትችልም። አንጀቷ ሁልጊዜ መሥራት አለበት፤ ሥራ ካቆመ በአንድ ቀን ውስጥ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ነገሩ «ታሳዝናለች» ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥንቸል ለብቻዋ የምትኖር እንስሳ አይደለችም። ቤት የምናረባት ጥንቸል ዘሯ ከአውሮፓ የመጣ ነው። እዚያ በዱር ያሉት ዘመዶቿ መሬት ቆፍረው፣ ጉድጓድ ሠርተው፣ በቡድን ነው የሚኖሩት። አንዷ አደጋ ካየች መሬቱን በኋላ እግሯ ትመታለች፤ ያን ጊዜ ሌሎቹ ይሸሻሉ። ይላላሳሉ፣ ተጠጋግተው ይተኛሉ። ጥጥና ቡኒም እንደዚያው ሲያደርጉ ሁላችንም አይተናል። እኛ በእረፍት ሰዓት 15 ደቂቃ ብናጫውታት ሌሊቱን፣ ቅዳሜንና እሑድን ማን አብሯት ያድራል? በስዊዘርላንድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ ጊኒ ፒግ የሚባለውን ትንሽ እንስሳ ብቻውን ማኖር በሕግ ተከልክሏል፤ ጓደኛ የሚፈልግ እንስሳ ስለሆነ ነው። ጥንቸልም እንዲሁ ናት።

ለዚህ እኮ ስዊዘርላንድ ድረስ መሄድም አያስፈልገንም። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ጎረቤት ምን ያደርጋል? ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ከሐዘንተኛው ጋር ያድራል። «ብቻውን አትተዉት» ይባላል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እንላለን አይደል? ለጥንቸልም መድኃኒቷ ጥንቸል ናት።

«ጫካ ትለቀቅ፣ የዱር ጥንቸል ብቻዋን ትኖር የለም ወይ?» ለሚሉት ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአገራችን ሜዳና ጫካ የምናያት ጥንቸል ሌላ እንስሳ ናት። ግራ የሚያጋባን በአማርኛ ሁለቱንም «ጥንቸል» ስለምንላቸው ነው። የዱሯ ረጅም እግርና ረጅም ጆሮ ያላት ሯጭ ናት። በአብዛኛው ብቻዋን ትኖራለች፤ ጉድጓድም አትቆፍርም። ልጆቿ ሲወለዱ ጠጉር አላቸው፣ ዓይናቸውም የተከፈተ ነው። ከእነዚህ የዱር ጥንቸሎች አንዱ ዓይነት እንዲያውም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ነው። የቤቷ ጥንቸል ልጆች ግን ራቁታቸውንና ዓይናቸው ሳይገለጥ ነው የሚወለዱት። ሽቦ ውስጥ ያደገችው ጥጥ ጫካ ብትለቀቅ ከውሻና ከጅብ አንድ ሌሊት አታመልጥም። ይህ ነፃ ማውጣት ሳይሆን መጣል ነው።

«ትሸጥ» የሚለውም አይዋጥልኝም። ገበያ ከወጣች ማን እንደሚገዛት፣ የት እንደምትገባ አናውቅም። ዳቦና ማስታወሻ ደብተር ከምንገዛበት ሳንቲም አዋጥተን ያሳደግናትን በጥቂት ብር መለወጥ ለታናናሾቻችን የምናስተምረው መጥፎ ትምህርት ነው።

አሁን ከባዱ ይመጣል። «ሌላ ጥንቸል እንግዛላትና እዚሁ ትኑር» የሚሉት ጓደኞቼ ሐሳባቸው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ግን እስቲ እናስብበት። ጥንቸል እንግዳ ጥንቸል በድንገት ቤቷ ቢገባባት ትጣላለች፤ ክፉኛ ትናከሳለች። መጀመሪያ ጎን ለጎን፣ ሽቦ በመሀላቸው አድርጎ ማላመድ ያስፈልጋል። የአንዷን ጭድ ለሌላዋ እየሰጡ ሽታ ማለማመድ፣ ከዚያ የሁለቱም ባልሆነ ቦታ ለጥቂት ደቂቃ ማገናኘት፣ ከተናከሱ ወዲያው መለየት። ይህ ሳምንታት ይፈጃል፤ በየቀኑም የሚከታተል ትልቅ ሰው ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ፈተና ላይ ነን። ቀጥሎ ክረምት ይገባል፣ ግቢው ይዘጋል።

ሌላም አለ። የትንንሽ ጥንቸሎችን ጾታ መለየት አስቸጋሪ ነው። «ሴት ናት» ተብላ የተገዛችው ወንድ ሆና ብትገኝስ? ጥንቸል የምታረግዘው ለአንድ ወር ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ትወልዳለች፤ ከወለደችም በኋላ ወዲያው ማርገዝ ትችላለች። መስከረም ላይ ስንመለስ የሚጠብቀን ስንት ጥንቸል ነው? ጥንቸል በደንብ ከተያዘች 8 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። እኛ 6ኛ ክፍሎች ደግሞ ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን። ቃል የገባነው ልጆች እንሄዳለን፣ እሷ ትቀራለች።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቡኒ የሞተችው ቅዳሜና እሑድ ግቢው ሰው በሌለው ጊዜ ነው። የግቢያችን ጥበቃ አባት በደግነታቸው ሣር ይጥሉላቸዋል፤ ይህ ግን የእሳቸው ሥራ አይደለም። ሁለት ቀን እንዲህ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ እንዴት ሊሆን ነው?

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ. በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ «ቤታችሁ ጥንቸል ያላችሁ ተማሪዎች ተመዝገቡ» ተብሎ በሚኒ ሚዲያችን ይነገር። ወላጅ ፈቅዶ ይፈርም።

2ኛ. አንድ መምህርና ሁለት የክበቡ አባላት ቤቱን ሄደው ይዩ። ቤቷ ከዝናብ፣ ከውሻና ከድመት የተጠበቀ ነው? ያለችው ጥንቸል ሴት ናት ወይስ ወንድ? ወንድ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ሳያኮላሸው አብረው መግባት የለባቸውም።

3ኛ. ቤተሰቡ ምንም ገንዘብ አይክፈል፤ ግን እንዳይሸጣትና እንዳያርዳት ቃል ይግባ። ከላይ እንዳልኩት ቀስ ብሎ ያላምዳቸው።

4ኛ. ይህ ሁሉ ትምህርት ሳይዘጋ ይለቅ፤ ካልተስማሙ ሌላ ቤት ለመፈለግ ጊዜ ይኖረናል።

እስከዚያው ድረስ ደግሞ እባካችሁ ብስኩትና ቺፕስ በሽቦው አታስገቡላት። ከምግቧ አብዛኛው ሣር ወይም ድርቆሽ መሆን አለበት። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ የሚያሳጥርላት ሣር ማኘክ ነው። አቮካዶና ሽንኩርት ይመርዟታል። ጨርሶ መብላት ካቆመች «ነገ እናያለን» ሳይባል በዚያው ቀን ለክበቡ መምህር ይነገር።

የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች ጥጥ ስትሄድ እንደሚያለቅሱ አውቃለሁ። እኛም ይከፋናል። ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን በክፍል ተራ እየገቡ ይሰናበቷት። ባዶ የሚቀረው ቤቷ ደግሞ የችግኝ ማፍያ ቢሆን ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር እንለይ፤ ጥጥን የምንፈልጋት እኛ ነን፣ ጥጥ የምትፈልገው ደግሞ ጥንቸል ነው። የምንወዳት ከሆነ የእሷ ፍላጎት ይቅደም።

በሐሳቤ የማትስማሙ ካላችሁ ጻፉና ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ባለው የሐሳብ መስጫ ሳጥን ውስጥ ክተቱ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ብቻ ቶሎ በሉ። ክረምቱ እየመጣ ነው።

መልካም የፈተና ጊዜ ለሁላችን!