ፊደሉ የት ገባ?

ለልምምድ ማስተማር ያዘጋጀሁትን የትምህርት ዕቅድ ሰበታ ከተማ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አስተይቤ በፍላሽ ይዤ መጣሁ። እዚህ ሲከፈት አማርኛው ጠፍቶ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደርድሯል። «ቫይረስ ነው» አሉኝ፤ አምኜ እንደገና ከፍዬ አስጻፍኩ! የአፋን ኦሮሞ እጩ መምህራን ጓደኞቼ በቁቤ ስለሚጽፉ ይህ አይነካቸውም፤ ሳቁብኝ።

ቫይረስ አይደለም። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው፤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒዩተር ላቲኑን ብቻ ያሳያል። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ለፊደሎቻችን የየራሳቸውን ቁጥር ሰጠ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለ ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ በዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ቋንቋ ከሚለው ገብቶ የአማርኛ ኪቦርድ መጨመር ይቻላል፤ አያስከፍልም።

እንግዲህ በበኩሌ የምለው፣ ስንጠይቅ «ይሄም ጥያቄ ሆኖ ነው?» መባሉ ይቅር። ነገ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ተመድበን የፈተና ወረቀት በፈተናው ጠዋት እንዲህ ቢሆንብን ተማሪው ምን ይሁን? የተከበራችሁ መምህራን፣ ማስታወሻችሁን በዩኒኮድ ጻፉልን፤ ኮምፒዩተር ክፍሉም ለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈቀድልን። የተበላሸውን ፍላሽ እኔ ይዤ እመጣለሁ።

አንድ የአማርኛ እጩ መምህር