አስፈሪ ድርሰት ለምን ይናቃል?

ሙታንና መናፍስት የሚመላለሱበት ድርሰት ከአጉል እምነት ተለይቶ አይታይም፣ ለቁም ነገረኛ አንባቢም አይመጥንም የሚል አስተያየት በሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘንድ ሲሰነዘር ኖሯል፤ ዛሬም አልተተወም። አስተያየቱ ከቅንነት የመነጨ ሊሆን ይችላል። ሲመረመር ግን አይጸናም።

በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት «ምን ላንብብ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በቅድሚያ ሊነገረው የሚገባው የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» ነው። ማርጋሬት ጋርነር የተባለች ጥቁር ባሪያ እ.ኤ.አ. በ1856 በረዶ የሆነውን የኦሃዮ ወንዝ ተሻግራ ከኬንታኪ አመለጠች። አሳዳጆቿ ሲደርሱባት፣ ወደ ባርነት ከምትመለስ ብላ የገዛ ልጇን በቢላ ገደለቻት። ሕጉ ግን ከሕፃኗ ደም ይልቅ የጌታውን የንብረት መብት አስቀድሞ እናቲቱን መልሶ አስረከበ። ሞሪሰን ከዚህ ታሪክ ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ የተገደለችው ልጅ ሥጋ ለብሳ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች፤ ትበላለች፣ ፍቅር ትጠይቃለች፣ እናቲቱንም ቀስ በቀስ ትመጠምጣታለች። ይህ አጉል እምነት ነውን? ዳኛ ያልሰማውን አቤቱታ የሚያሰማ ሌላ ማን ቀረ?

የኦክታቪያ በትለር «ኪንድረድ» (እ.ኤ.አ. 1979) ከዚህ አይርቅም፤ ጀግኒቱ ከዘመኗ እየተነጠቀች ወደ ባሪያ አሳዳሪ አያቶቿ እርሻ ትወሰዳለች፣ በመጨረሻም ክንዷን ከፍላ ትመለሳለች። ከግጥም ወገን ሪቻርድ ራይት እ.ኤ.አ. በ1935 የጻፈው አለ። ተናጋሪው በጫካ ውስጥ የተቃጠለ ሰው ቅሪት ያገኛል፤ አጥንቶቹ ተነሥተው ከአጥንቱ ጋር ይዋሐዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚቃጠለው ተመልካቹ ራሱ ነው።

የፍሎሪዳ ተወላጇ ታናናሪቭ ዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 «ማይ ሶል ቱ ኪፕ» በተባለው መጽሐፏ የማይሞቱ ሰዎች ማኅበር መሠረተች፤ መኖሪያቸውም ላሊበላ ነው! ዳዊት የተባለው ዋና ገጸ ባሕርይ ዘመናትን ተሻግሮ ማያሚ ላይ ባልና አባት ሆኖ ይኖራል። የጅብና የጭራቅ ተረት እየሰማ ያደገው የአማርኛ ደራሲ ግን ርስቱን «ለሕፃናት ነው» ብሎ ትቶታል።

ለድርሰቱ ዓይነት የጸና ስም እንኳ አልተሰጠውም፤ አንዱ «አስፈሪ»፣ ሌላው «ዘግናኝ» ይለዋል። ለአማርኛ ሒስ የሙያ ቃላትን በማበጀት ስሙ የሚነሣው ደበበ ሰይፉ ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው ይርጋለም የተወለደ ነው፤ ሥራውን የሚቀጥል ሰው በዚሁ አካባቢ አይታጣም።

የስሙ ጉዳይ ግን ቀላሉ ነው። በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከደቡብና ከምዕራብ በፈንጋይ ተይዘው የተሸጡ ሰዎች በየትልልቁ ቤት እህል ፈጭተዋል፣ ውኃ ቀድተዋል፣ የጌታቸውን ልጆች አሳድገዋል። የነርሱ ሙት መንፈስ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ስንት በር አንኳኳ? ቤቱ ጸጥ ያለው ንጹሕ ስለሆነ ነው የሚል ካለ ወጥቶ ይከራከር።

እስከዚያው ትርጉም ይጀመር። «ቢላቭድ» ዓመታት ይፈጃል፤ የራይት ግጥም ግን አጭር ነው፣ የሚመጣው ክረምት ሳይወጣ ሐዋሳ ላይ በመድረክ ሊነበብ ይችላል።