ቤቱ ነው የገደላቸው

«ከሰል ገደላቸው» ይባልና ይቀበራሉ። ድንኳን ይተከላል፣ እድሩ ይሰበሰባል፣ ሼሁም ቄሱም «ቀናቸው ደርሶ ነው» ብለው ያጽናናሉ። ሰልስቱ ሳይወጣ ያው የሞቱበት ክፍል ለሌላ ተከራይ ይሰጣል። እኔ ይህን ማጽናኛ አልቀበልም። ከሰል በየቤታችን አለ፤ ቡናችን የሚፈላው በእሱ ነው። ነፍስ የሚያጠፋው አየር መውጫ የሌለው ክፍል ውስጥ ሲገባ ነው። ያንን ክፍል ደግሞ አስቦበት፣ ግንበኛ ቀጥሮ፣ ገንዘብ ከፍሎ ያሠራው ሰው አለ።

ደሴ ከጦሳ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዷ አጥንት ይሰረስራል። ተማሪውና የቀን ሠራተኛው የሚከራዩት ሰርቪስ ቤት ብዙ ጊዜ አንድ የቆርቆሮ በር ብቻ ነው ያለው። ማምሻውን ከሰሉ ደጅ ላይ ተቀጣጥሎ ይራገባል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ማንደጃው ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይቀረቀራል፣ ብርድ እንዳይሾልክ ከበሩ ሥር አሮጌ ጨርቅ ይወተፋል።

እዚህ ላይ ነው የምናልቀው! ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ከቀላው ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን ራሱ ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በደሴ ከፍታ ደግሞ አየሩ ራሱ በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቀድሞ በጎደለ ኦክስጅን ላይ ይህ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቡት። ጠዋት ራሱን ይዞ፣ እያቅለሸለሸው፣ ጉልበቱ ከድቶት የሚነሣው ሰው «ብርድ መታኝ» ይላል። ማታ ከሰሉን ይጨምራል!

አንድ አከራይ ለምን መስኮት እንዳላወጣለት ብጠይቀው «ሌባ ይገባበታል፣ ብርድም ይገባበታል» ብሎ መለሰልኝ። ሌባ ፈርቶ ሰው ያፍናል። ለሌባው ከሆነማ ከጣሪያው ሥር ብረት የታጠረበት አንድ ቀዳዳ፣ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ደግሞ ዝቅ ብሎ ሌላ ቀዳዳ ማውጣት ይቻላል። የሞቀው አየር በላይኛው ይወጣል፣ ንጹሑ በታችኛው ይገባል፤ ይኸው ነው ጥበቡ። ይህም ቢሆን ፍም አስቀምጦ ለመተኛት ፈቃድ አይሆንም፤ ከፍም ጋር ለሚተኛ ሰው የትኛውም ቀዳዳ ዋስ አይሆነውም። በሣር ጎጆ የኖሩት አያቶቻችን ዓይናቸው በጭስ ይቃጠል፣ ሳንባቸውም ይጎዳ ነበር፤ ግን ጭሱ በክዳኑ መሐል እየሾለከ ይወጣ ነበር። እኛ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስነን፣ ኮርኒስ መትተን፣ አልሙኒየም ገጥመን እሳቱን እዚያው መሐል ላይ ተውነው።

ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ይሆናል። ብርዱ ቀርቷል፤ ጥፋቱ ግን ያው ነው። እዚያ ደግሞ ሙቀት ተፈርቶ ይዘጋል። ኤሲ ተገጥሟል ተብሎ የቢሮውም የክሊኒኩም መስኮት ይከረቸማል። በየግድግዳው የምናየው ኤሲ የክፍሉን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ መልሶ እዚያው ይለቀዋል እንጂ ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም። አንዱ የሳለው ቀዝቅዞ ሌላው ይምገዋል። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበረታባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በተፈጥሮ አየር በሚናፈስ የሕሙማን መኝታ ክፍል ውስጥ ለአንድ ታካሚ በየሴኮንዱ 60 ሊትር አየር ሊደርሰው ይገባል ብሏል። መስኮቱ ተከርችሞ ከየት ይመጣል?

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት፤ ስለዚህ ይህንንም ትስማልኝ። «ኤር ኮንዲሽን» የሚለውን ስያሜ በ1906 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስቱዋርት ክሬመር የተባለ አሜሪካዊ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መሐንዲስ ነው። የተጨነቀው አየሩ ደርቆ ክሩ እንዳይበጠስ ነበር። ለክር ከመቶ ዓመት በላይ አየር ሲመጠን ኖሯል፤ የጥጥ ብናኝ ሲምግ ለሚውለው ፈታይ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ለሚያድረው ልጁስ ማን መጠነለት?

ደንብ የለም እንዳትሉኝ። የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ 11ኛው ክፍል የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን ጉዳዩ የሕንፃ አየር ማናፈሻና ማቀዝቀዣ ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች፣ መስኮት በሌለው መኖሪያ ክፍል ላይ አትፈርሙ። አከራዮች፣ የሚቀጥለውን ኪራይ ከመቀበላችሁ በፊት ግድግዳውን ክፈቱ። እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እናንተ ደግሞ ዛሬ ማታ ማንደጃውን ከመኝታችሁ አውጡ፤ በጋቢና በብርድ ልብስ እደሩ። ከሰል የያዘው ሰው ካገኛችሁ ወተት ፍለጋ አትሩጡ፤ በሩን በርግዳችሁ ወደ ውጭ አውጡትና ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት አድርሱት።