ከነቀምቴ ቅርንጫፍ የመዝገብ ሠራተኞች የቀረበ አቤቱታ

ለዋናው መሥሪያ ቤት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመዝገብ ሲስተሙ በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ እንዲሠራልን ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ እኛ በነቀምቴ ቅርንጫፍ የምንሠራ ሠራተኞች ችግራችንን በቃል ደጋግመን ብናሳውቅም መፍትሔ ስላላገኘን ይህን አቤቱታ በጽሑፍ ለማቅረብ ተገደናል።

የምንሠራበት ሲስተም ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ታስቦ የተሠራ ነው። ማይክሮሶፍት የዚህን ብሮውዘር አገልግሎት ሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. አቋርጧል። በተላኩልን አዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ሲስተሙን በክሮም ስንከፍት ገጹ ይመጣል፣ የባለጉዳዩም ስም ይሞላል። የቀን ሳጥኑን ስንነካ ግን ካሌንደሩ አይወጣም፤ «መዝግብ» የሚለውን ስንጫን ምንም አይመጣም፣ ስህተት አለ እንኳ አይልም። ደረሰኝ የሚታተመው በአክቲቭኤክስ ስለሆነ፣ ክሮም ደግሞ አክቲቭኤክስን ስለማይቀበል፣ ማተም ፈጽሞ አይቻልም።

በዚህ ምክንያት ሁላችንም ተራ የምንጠብቀው ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዊንዶውስ 7 ከጥር 2012 ዓ.ም. ወዲህ የደኅንነት ማሻሻያ አይደርሰውም። የሕዝብ መዝገብ በእንዲህ ያለ ማሽን መያዙ ያሳስበናል።

ከኡኬ በሌሊት ተነሥቶ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ የመጣ ገበሬ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ» ይባላል። ሲስተሙ ግን አለ፤ አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር ሲሠራ ይውላል። እያወቅን ሰው መመለስ አሳፍሮናል። በዚህ ላይ ሪፖርት አዘገያችሁ ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎብናል፤ ይህን አንቀበልም።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ኤጅ በተባለው ብሮውዘር ውስጥ አሮጌ ገጾችን የሚያስኬድ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞድ አለ፤ ማይክሮሶፍትም ቢያንስ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. እንደሚደግፈው አስታውቋል። እኛም የሲስተሙን አድራሻ በእጃችን አስገብተን ሞክረነው ሠርቷል፤ ደረሰኝም አትሟል። ነገር ግን በእጅ የገባ አድራሻ ከ30 ቀን በኋላ ጊዜው ያልፍበታል፤ የአንዱን ኮምፒውተር ስናድስ የሌላው ያልፋል። በቋሚነት የሚሠራው አድራሻው በዋናው መሥሪያ ቤት የሳይት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ በግሩፕ ፖሊሲ ለሁሉም ኮምፒውተር ሲወርድ ነው። ይህን የማድረግ ሥልጣን ያለው የእናንተ ክፍል እንጂ ቅርንጫፉ አይደለም። ሞዱም ቢሆን ጊዜ መግዣ ነው፤ ሲስተሙ በማንኛውም ብሮውዘር እንዲሠራ ሆኖ እንደ አዲስ መሠራት አለበት፣ ሥራውም ከወዲሁ ይጀመር እንላለን።

ስለዚህ አድራሻው በዝርዝሩ ውስጥ በአስቸኳይ እንዲገባልን፣ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ከግል ማኅደራችን እንዲነሣልን፣ ሲስተሙ የሚታደስበት ጊዜም በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እናመለክታለን።

ከሰላምታ ጋር
የቅርንጫፉ የመዝገብ ሠራተኞች
ነቀምቴ