የቤተሰብ ዓምድ፤ በቀረው ፈተና ስንት ነጥብ ይበቃል?

የፈተና ወራት በተቃረበ ጊዜ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም «ልጃችን የተመኘችውን ውጤት ለማግኘት በቀረው ፈተና ስንት ማምጣት ይገባታል?» የሚል ነው። አባት «በርትተሽ አጥኚ» ይላል፤ እናት ስለት ትሳላለች፤ ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ ቁጥሩን የሚፈልግ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ስሌቱን ለአንባብያን ልናስረዳ አስበናል።

ምሳሌአችንን በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ከሚገኘው ከአርካዊት ሠፈር እንውሰድ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይል መካከል ውጊያ በተነሣ ጊዜ የሠፈሩ ሰው ቤቱን እየዘጋ ተሰደደ፤ ለሁለተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት ፈተና ይዘጋጁ የነበሩ ልጆችም ደብተራቸውን ጥለው ሄዱ። ፈተናው መሰጠት የጀመረው ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ከሃያ ወራት በኋላ ነው። ይህን ያህል ዘመን ከትምህርት ርቃ ለቆየች ልጅ «ሁሉንም አጥኚ» ማለት ምክር አይባልም። ጊዜዋ አጭር ስለ ሆነ በየትኛው ትምህርት ላይ እንደምታውለው ማወቅ አለባት።

የምስክር ወረቀቱ ውጤት የሚታሰበው በሰባት የትምህርት ዓይነቶች ነው። እንግዲህ ከአርካዊት የተሰደደች አንዲት ልጅ በአማካይ 70 ለማግኘት አስባለች እንበል። 70 በ7 ሲባዛ 490 ይሆናል። በመለማመጃ ፈተና በስድስቱ ትምህርቶች 81፣ 76፣ 68፣ 72፣ 70 እና 65 አግኝታለች፤ ድምሩ 432 ነው። 432 ከ490 ላይ ሲቀነስ 58 ይቀራል። ሰባተኛው ትምህርት ሒሳብ ነው፤ በልምምዱ ያገኘችው ግን 41 ብቻ ነው። ስለዚህ የጎደላት 17 ነጥብ ነው።

ብዙ ወላጆች በዚህ ጊዜ አሥራ ሰባቱን ነጥብ ከሒሳብ ብቻ ይጠይቃሉ፤ ልጅቱም ሌሊቱን በእንባ ታሳልፋለች። ነገር ግን በድምሩ ውስጥ የታሪክ አንድ ነጥብ ከሒሳብ አንድ ነጥብ አያንስም። ሒሳቡን በ10 ነጥብ ከፍ አድርጋ 51 ብታደርስ፣ የቀረውን 7 ደግሞ 65 እና 68 ካገኘችባቸው ትምህርቶች ብትሰበስብ 490 ይሞላላታል። ይህ መንገድ ለደከመ አእምሮ የሚቀል ይመስለናል።

የዓመቱ ሥራና የመጨረሻው ፈተና በተለያየ ሚዛን በሚደመሩበት ቦታ ግን አሠራሩ ይለያል። በአገራችን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ስለ ነበሩ፣ በ2015 ዓ.ም. የማካካሻ ትምህርት ተከፈተ። በዚያም ትምህርት 30 ነጥብ ተማሪው ከሚማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ 70 ነጥብ ከማዕከላዊው ፈተና ይሰጥ ነበር፤ ለማለፍም 50 ያስፈልግ ነበር። ከ30ው 18 የያዘ ተማሪ 32 ይቀረዋል። ነገር ግን ይህ 32 የሚቈጠረው ከ70 እንጂ ከመቶ አይደለም! 32 ለ70 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 45.7 ይሆናል፤ ስለዚህ በመቶ ከሚታረም ፈተና 46 ማምጣት አለበት። ከ30ው 12 ብቻ የያዘው ደግሞ ከ70 38፣ ማለት ከመቶ 55 ያህል ያስፈልገዋል። ክፍልፋይ በተገኘ ጊዜ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይጠጋጋም፤ በግማሽ ነጥብ የወደቀ ወድቋልና።

አንዳንድ ጊዜ ስሌቱ መራራ መልስ ይሰጣል። ከ30ው 15 የያዘ ልጅ በጠቅላላው 90 እንዲያመጣ አባቱ ቢያዝዘው፣ ከ70 75 ማግኘት ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም። አባትየው ይህን ከፈተናው በፊት ቢያውቅ ልጁን ለማይደረስ ነገር ከመገሠጽ ይድናል። ከ70ው 60 ቢያገኝ ድምሩ 75 እንደሚሆን አስልቶ፣ በ75 የትኛው የትምህርት ክፍል እንደሚቀበለው ከልጁ ጋር ተቀምጦ ቢጠይቅ ይሻላል።