ግዢውን ከምንጠብቅ ቱቦውን እንቁረጥ



በዚህ ዓምድ ስለ ፍሳሽ ቱቦ የሚጽፍ ሰው መምጣቱ አንዳንዶቻችሁን ያስቃችሁ ይሆናል። ከመሳቃችሁ በፊት ግን አንድ ምሽት ወደ ዓይነ ስውራን ወንድሞቻችን መኝታ ክፍል ጎራ እንድትሉ እለምናችኋለሁ። በዚያ ሰባት ስምንት ተማሪዎች በሁለት አልጋ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው፥ ፈቃደኞች በስልክ አንብበው የቀዱላቸውን የትምህርት መጽሐፍ ያዳምጣሉ። የስልኩ ድምፅ ስለማይበቃቸው ስልኩን በኒኬል ኩባያ ውስጥ አቁመውታል። ኩባያው ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ቃሉን ግን ያበላሸዋል። «ሰ» እና «ፈ» አይለዩም። መጽሐፉ «ንጉሡ ሠራ» ሲል በብሬል ማስታወሻው «ንጉሡ ፈራ» ብሎ የጻፈ ወንድም አውቃለሁ፤ በፈተናም ያንኑ መልሶ ነጥብ ተቀንሶበታል።

ጉዳዩ ለማኅበሩ ኮሚቴ ከቀረበ ሁለት መንፈቀ ዓመት አልፎታል። የተሰጠው መልስ «የግዢ ጥያቄ ተጽፏል፤ ታገሡ» የሚል ነው። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ለአዲስ ገቢዎች መቀበያ ምሽት ግድግዳ የሚያህል ድምፅ ማጉያ በኪራይ መጥቶ ሲያስጨፍረን አምሽቷል፤ ለዚያ የወጣው ገንዘብ በአንድ ስብሰባ ጸድቋል። እኔም ጨፍሬአለሁ፤ አልክድም።

የእኔ አሳብ አጭር ነው፤ ግዢውን መጠበቅ ትተን ድምፅ ማጉያውን ራሳችን ከፍሳሽ ቱቦ እንሥራው።

ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ለማስረዳት ያህል፥ ከአሮጌ ራዲዮ የተፈታ አንድ ስፒከር ውሰዱና ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ አሰሙት። እንደ ትንኝ ይጮኻል። ምክንያቱም የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት አየሩን ሲገፋ ከኋላው ደግሞ ይስባል፤ የፊቱና የኋላው ሞገድ በጎን ዞረው ይገናኙና ወፍራሙን ድምፅ እርስ በርሳቸው ያጠፉታል። አሁን ያንኑ ስፒከር በቱቦ አፍ ላይ ግጠሙት። በአንድ አፍታ የሰው ድምፅ ይሆናል። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. የዛሬውን ስፒከር አሠራር ለዓለም ሲያሳዩም፥ የኋላውን ሞገድ ከፊቱ መለየት የነገሩ ዋና ክፍል መሆኑን ተረድተውት ነበር።

ቱቦው ግን ከመለየት የበለጠ ሥራ ይሠራል። እምቢልታ ነፊዎቻችን ይህን ጥንት ያውቁታል፤ ረጅሙ እምቢልታ ወፍራም፥ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ አንዱ ቱቦ ከአንድ ሁለት ድምፅ በላይ ስለማይወጣውም ነፊዎቹ ተራ እየጠበቁ ይቀባበላሉ። ድምፅ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ ርዝመቱ የሞገዱን ሩብ በሆነበት ድምፅ ላይ ያስተጋባልና፥ 1 ሜትር የሆነ ቱቦ በሴኮንድ ወደ 86 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ያግዛል ማለት ነው። የወንድ ሰው ንግግር መሠረቱ በአማካይ 120 አካባቢ ስለሆነ ለአንባቢ ድምፅ ከበቂ በላይ ነው። ይህን ሒሳብ ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል። ማናችን በቱቦ ላይ ሞከርነው?

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ሞክረነዋል። ውፍረቱ 110 ሚሊ ሜትር የሆነውን ግራጫ የፍሳሽ ቱቦ 1 ሜትር አድርገን ቆረጥን። በላዩ ቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ የሚሉትን ማጠፊያ ሰካን፤ በጎሚቶው አፍ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ስፒከር ወደ አድማጩ አዙረን በሲሊኮን ገጠምን። የታችኛው ጫፍ ክፍት ሆኖ በሦስት እንጨት እግር ከወለሉ ከፍ አለ። ሥራው ይኸው ነው። ክብ ነገር ግፊትን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚሸከም የቱቦው ግድግዳ እንደ ሳጥን ጣውላ አይንቀጠቀጥም፤ አናጢም አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ግን አልሆነም። አንባቢው ከጉድጓድ የሚናገር መሰለ። ቱቦ ከ86ቱ ሌላ ሦስት እጥፍና አምስት እጥፍ በሚሆኑት ድምፆች ላይም ስለሚያስተጋባ እነዚህ በንግግሩ መካከል እየገቡ ይጮኻሉ። መድኃኒቱን አርተር ቤይሊ የተባሉ የእንግሊዝ አገር መምህር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ጽፈውት ኖሯል፤ መንገዱን በረጅም የበግ ጠጉር መሙላት ነው። ሱፍ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፥ ወፍራሙን ያሳልፋል። የበግ ጠጉር! ከመንዝ የመጣው ጓደኛችን ያረጀ ባናውን ፈታና አፍታቶ አመጣልን፤ ከስፒከሩ ጀርባ ጀምረን እስከ ቱቦው ግማሽ ድረስ ላላ አድርገን ሞላነው። ከዚያ በኋላ «ሰ» «ሰ» ሆነች።

አምፕሊፋየሩ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ሰሌዳ ነው፤ ፒኤኤም 8403 የሚባለውን ጠይቁ። በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ይሠራል፤ ለሁለት ስፒከር ለእያንዳንዱ እስከ 3 ዋት ይሰጣል። የሁለቱን ስፒከሮች ኔጋቲቭ ሽቦ አንድ ላይ የሚያስር ሰው ሰሌዳውን ያቃጥላል፤ እኛ አንድ አቃጥለን ተምረናል። ስፒከሩ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከተፈቱ ዕቃዎች መካከል ይገኛል። ቱቦውን በእሳት እያሞቀ ቅርጽ ለማውጣት የሚያስብ ካለ እባኩን ይተው፤ ፒቪሲ ሲቃጠል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። የብረት መጋዝና ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል።

«በገበያ ትንንሽ ብሉቱዝ ሞልቶ የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። አለ። ነገር ግን አብዛኛው በሙጫ የታሸገ ነው፤ ባትሪው የሞተ ዕለት ማንም ሊከፍተው አይችልም፤ እንደገና የግዢ ጥያቄ ይጻፋል። የእኛን ግን አንድ ዊንጥ መፍቻ ያለው ሰው በሩብ ሰዓት ያድሰዋል። በሌላ በኩል አንዷ ቱቦ ለአዳራሽ እንደማትበቃ ደግሞ እኔ ራሴ እናገራለሁ። ለመኝታ ክፍልና ለንባብ ክፍል ናት።

ያሳዘነኝ ሌላ ተቃውሞ ነው። አንድ ወዳጄ «እኔ ኢንጂኔር ልሆን መጣሁ እንጂ ቧንቧ ሠራተኛ ልሆን አልመጣሁም» አለኝ። ይህ ንግግር ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ»፥ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፥ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲሰድብ የኖረ ሕዝብ ማረሻውንም፥ ኮርቻውንም፥ ኩታውንም የሚቀበለው ከእነዚሁ ሰዎች እጅ ነበር። እኛ የተማርን ነን የምንለው ደግሞ ስድቡን ትተን ንቀቱን ይዘን ቀርተናል። ወዳጄ ስለ ድምፅ ሞገድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለ ስሕተት ይሠራል፤ መጋዝ ሲሰጡት ግን እጁን ወደ ኪሱ ይከታል። ጎሚቶን በስሙ ያስተማረን በግቢው ግንባታ ላይ የሚሠራ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ስፒከሩ አየር እንዳያሳልፍ እንዴት እንደሚታሸግ ያሳየንም እርሱ ነው፤ መምህሮቻችን አይደሉም።

ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ እንሰበሰባለን። የግንባታው ካቦ ትርፍ የሆነ አንድ ባለ 6 ሜትር ቱቦ እንድንወስድ ፈቅደውልናል፤ ስድስት ድምፅ ማጉያ ይወጣዋል፤ ሦስቱ ለወንዶቹ፥ ሦስቱ ለእኅቶቻችን መኝታ ቤት። መጋዝ ያለው መጋዝ፥ መበየጃ ያለው መበየጃ፥ ያረጀ ባና ያለው ባናውን ይዞ ይምጣ። ከኮሚቴው የምንጠይቀው የስድስት ስፒከርና የሦስት ሰሌዳ ዋጋ ብቻ ነው፤ ደረሰኝ እናቀርባለን፤ የተቃጠለውን ሰሌዳ እኛው ችለናል።

ሥራው ሲያልቅ መርማሪዎቹ እኛ አይደለንም። ያ «ፈራ» ብሎ የጻፈው ወንድማችን ከክፍሉ ጥግ ተቀምጦ ያንኑ ምዕራፍ ያዳምጣል። «ሠራ» ብሎ ካልሰማ ሱፉን አውጥተን እንደገና እንሞላለን።

ከአንድ የ3ኛ ዓመት ተማሪ